የታኅሣሥ ብርድና ግሎው ሞተር፦ ጠዋት እንዴት እንደማስነሳው

ታኅሣሥ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ፒያሳ ያለው ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ገና የቆርቆሮውን ጫፍ እንኳ አልነካችም። ግሎው የሚባለው፣ በሜታኖል የሚሠራው ትንሹ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሬ ጣውላ ላይ ታስሯል፣ ጣውላው በሞርሳ ተነክሷል፣ እኔ ደግሞ ፕሮፔለሩን ሃምሳ ጊዜ ያህል መትቼዋለሁ። አንዴ እንኳ "ጧ" አላለም። ጣቴ ደንዝዟል። ይሄው ሞተር ትናንት ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ምት ነበር የተነሳው። ነዳጁ ያው ነው፣ ካንዴላው ያው ነው፣ የመርፌው፣ ማለትም የነዳጁን መጠን የሚወስነው ብሎን፣ አቀማመጥ ያው ነው። የተለወጠው ብርዱ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ የብርድ ጠዋቶች አልፈዋል። አሁን በትንሽ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምት ይነሳልኛል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ማንም እንደኔ ግማሽ ሰዓት እጁን እንዲያደነዝዝ አልፈልግም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ግሎው ሞተር ብርድ ላይ የሚነሳው በጉልበት ሳይሆን በሙቀት ነው። ሙቀቱ በሦስት ቦታ ያስፈልጋል፦ ካንዴላው ላይ፣ ነዳጁ ላይ፣ ሲሊንደሩ ላይ። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ይሸከሙታል። ሁለቱ ከጎደሉ ግን ቀኑን ሙሉ ብትመቱት አይነሳም።

ምክንያቱን እንይ። ይህ ሞተር እንደ መኪና ካንዴላ እሳት የሚተፋ ነገር የለውም። ካንዴላው ውስጥ ያለችው ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ናት። ሲነሳ ባትሪ ያግላታል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ባትሪው ይነቀልና ሽቦዋ በራሷ እንደጋለች ትቀጥላለች፣ ምክንያቱም የሜታኖል ትነት ፕላቲነም ሲነካ ሙቀት ይፈጥራል፣ በዚያ ላይ የቃጠሎውና የኮምፕረሽኑ ሙቀት ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካዊው ሬይ አርደን ይህን ካንዴላ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከባድ ባትሪና ኮይል አየር ላይ መሸከም ቀረለት። በጣም ብልህ ነገር ነው። ግን ትነት ይፈልጋል። ትነት ከሌለ ሽቦዋ የምታቀጣጥለው ነገር የለም።

ሜታኖል ደግሞ ብርድ አይወድም። በ8 ዲግሪ የሚሰጠው ትነት በ20 ዲግሪ ከሚሰጠው ግማሽ ያህሉ ነው። በዚያ ላይ ሲተን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። በኪሎ ሲሰላ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት የቤንዚንን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ለተመሳሳይ አየር የሚያስፈልገው መጠንም ከቤንዚን እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ሞተሩ የባሰ ይቀዘቅዛል። ብርድ ላይ እጃችሁን ስፒሪት ሲነካው ታውቁታላችሁ አይደል? ሲሊንደሩ ውስጥም የሚሆነው እሱ ነው።

የኛ ከተማ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን አልፋ የተቀመጠች ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ምስር እዚህ ከድሬዳዋ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩም በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ያነሰ ነው፣ የሚጨመቀውም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ከኮምፕረሽኑ የሚያገኘው ግፊት ይቀንሳል። ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ይህን አያውቅም። "መርፌውን 2 ተኩል ዙር ክፈት" የሚለው ለዝቅተኛ ቦታ ሰው ነው። እዚህ ያው አከፋፈት ነዳጅ ያበዛል። ብርዱ በአንድ በኩል "ነዳጅ ጨምር" ይላል፣ ከፍታው በሌላ በኩል "ቀንስ" ይላል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። መርፌው ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

ከባትሪው ጀምሩ። የማይነሳ ሞተር ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ግሎው ካንዴላ 3 አምፒር አካባቢ ይስባል፣ ለትንሽ ባትሪ ይህ ትልቅ ሸክም ነው። ብርድ ያደረበት ባትሪ ሲጫን ቮልቱ ይወርዳል፣ ሽቦዋም ትደበዝዛለች። ካንዴላውን ፍቱት፣ ባትሪው ላይ ሰኩት፣ በጥላ ቦታ እዩት። ሽቦዋ ደማቅ ብርቱካናማ ሆና መብራት አለባት። ከሰል ሊጠፋ ሲል እንደሚመስለው ደብዛዛ ቀይ ከሆነች ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ ባትሪውን ሙሉ። እኔ 1.2 ቮልት ቻርጅ የሚደረገውን ነው የምጠቀመው፣ ማታ ሞልቼ ቤት ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ከጃኬቴ የውስጥ ኪስ ይገባል። ሞተሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ እንዲቀመጥ አላደርግም። 1.5 ቮልቱ ትልቁ የባትሪ ድንጋይም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ካንዴላ ስትገዙ "ሆት" የሚባለውን ዓይነት ምረጡ፤ ለብርዱም ለከፍታውም እሱ ይሻላል። ነዳጁም ውስጥ 10 ወይም 15 ፐርሰንት ናይትሮሜቴን ቢኖር መነሳቱም ዝቅ ብሎ መሥራቱም ይቀላል። ምንም ናይትሮ በሌለው ነዳጅ ኅዳርና ታኅሣሥን ማለፍ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ነዳጁ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ እጃችሁን ስትነክሩበት የሚያስደስታችሁ ያህል፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ክዳኑ ጥብቅ ያለውን የነዳጅ ጠርሙስ አሥር ደቂቃ ያህል እዚያ ውስጥ አቁሙት። ከውሃው ስታወጡት ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ትንፋሽ ይወጣል። እሳት ላይ በፍጹም። ከሰል ምድጃ አጠገብም በፍጹም። የሜታኖል እሳት ቀን ቀን አይታይም፣ ሰማያዊ ነው፣ በፀሐይ ብርሃን ምንም የሌለ ይመስላል፤ እጃችሁ እየተቃጠለ መሆኑን የምታውቁት ሲያማችሁ ነው። ጎረቤቶቼ ጠዋት ከሰል የሚያያይዙት በረንዳ ላይ ስለሆነ እኔ የምሠራው ከግቢው ሌላ ጥግ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ታች ነው።

ስለ ነዳጁ ሌላም አለ፣ በደንብ ስሙኝ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አታስቀምጡት። ሜታኖል መርዝ ነው፣ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ሽታው ደግሞ ከአረቄ ብዙ አይርቅም። እኛ ቤት ውስጥ ሃይላንድ ያየ ልጅ ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል። ነዳጁ በራሱ ዕቃ፣ ትልልቅ ፊደል ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። እጃችሁንም ታጠቡ፤ በቆዳም ይገባል።

ሦስተኛው ሲሊንደሩ ነው፣ እኔ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምሰጠው ለሱ ነው። መብራት ካለ የፀጉር ማድረቂያ ፎን ሁለት ሦስት ደቂቃ ጭንቅላቱ ላይና ጎኑ ላይ ያዙበት። ይህን የምታደርጉት ነዳጅ ከማቅረባችሁ በፊት ነው፤ ፎኑ ውስጥ የጋለ ሽቦ አለ። መብራት ከሌለ (ጠዋት የሚሄድበት ቀን አይጠፋም) ከፔርሙስ ትኩስ ውሃ ትንሽ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ሞተሩን እቀፉት። ውሃው ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ካርቡራተሩን በጨርቅ ሸፍኑ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በእጃችሁ ስትነኩት ቅዝቃዜው ከጠፋ ደረሳችሁ።

ለምን እንደምደክምበት ላስረዳ። አሁን በብዛት ያሉት ሞተሮች የፒስተን ቀለበት የላቸውም። ሲሊንደሩ ክሮም የተቀባ ናስ ነው፣ ፒስተኑ አልሙኒየም ነው፣ ሲሊንደሩም ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ሞተሩ ሲግል ናሱ ከፒስተኑ ይበልጥ ይሰፋና ልክ ልኩን ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ግን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይጨመድዳል፣ "ጢቅ" ብሎ ይይዛል። ያንን ጥብቀት በግድ ስታልፉት የሚጎዳው ክንዱ ነው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ብረት። በተለይ አዲስ ሞተር ላይ። እኔ አንድ ጊዜ በ12 ቮልት ሞተሪኖ አስገድጄ አንድ ሞተር አበላሽቻለሁ። ሳላሞቀው ነበር። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ አጭር "ቀጭ" ነበር፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ ያለ ምንም ጥብቀት ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይሞቅ ሞተሪኖ አይነካውም።

ያደረ ሞተር ሌላም ችግር አለው። ነዳጁ ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት ሲያድር ይወፍራል፣ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ እንደ ማር ይያያዛል። ፕሮፔለሩን ስታዞሩት ከባድና የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ጥብቀቱ የፒስተኑ ሳይሆን የዘይቱ ነው። ይህንንም አታስገድዱት። አሙቁት፣ በጭስ መውጫው ሁለት ጠብታ ነዳጅ አስገቡ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ይለቃል።

አሁን ነዳጅ ማቅመስ። ባትሪው አልተሰካም። ይሄ ሕግ ነው። ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱት፣ ካሞቃችሁት ነዳጅ በሲሪንጅ አምስት ስድስት ጠብታ በአፉ አስገቡ፣ ፕሮፔለሩን አምስት ስድስት ጊዜ አዙሩ። ይህ ባለ 46 ለሚባለው፣ ማለትም 7.5 ሲሲ ለሆነው ሞተር ነው፤ ትንሽ ሞተር ከሆነ አሳንሱ። በሙቀት ቀን ይሄ ይበቃል። ብርድ ላይ ግን ጠብታው ከካርቡራተር እስከ ሲሊንደር ሲሄድ ክራንክ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይተንም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጠብታ ደግሞ በጭስ መውጫው በኩል በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ። እንዲህ ሲሆን ጠብታው ሽቦዋ አጠገብ ይደርሳል። ከሁሉም ዘዴ ለውጥ ያሳየኝ ይሄ ነው። ማርሚታው ካስቸገረ ሞተሩን አዘንብላችሁ በማርሚታው ቀዳዳ ማፍሰስ ይቻላል።

በጣም የበረደ ቀን፣ ለምሳሌ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ሲታይ፣ ከነዳጁ ጠብታ ይልቅ ሁለት ጠብታ የላይተር ቤንዚን ይረዳል። ፈሳሹን ነው የምላችሁ፣ ጋዙን አይደለም። በብርድም ቶሎ ይተናል። ግን ዘይት የለውም፣ ስለዚህ ከሁለት ጠብታ አትለፉ፤ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ነጭ ጋዝ ግን አይሆንም፣ ከሜታኖሉ የባሰ ብርድ ላይ አይተንም።

አሁን ባትሪው ይሰካ። ካርቡራተሩን ወደ ሩብ ያህል መልሱት። ፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ማንም አይቁም፣ ጎኑም ላይ ማንም አይቁም። ጋቢ የለበሰ ሰው አይቅረብ፣ እናንተም ጋቢያችሁን አውልቁ። ብርድ ነው፣ አውቃለሁ። ነጠላም፣ ፎጣም፣ የጃኬት ገመድም ያው ነው። ደቂቃ ውስጥ አሥር ሺህ ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር የጨርቅ ጫፍ ከያዘ እጃችሁንም ይስባል። እኔ የምመታው ጎማ በተጠቀለለበት ዱላ ነው። የደነዘዘ ጣት ቶሎ አይሸሽም።

ፕሮፔለሩን ኮምፕረሽኑ ላይ እስኪደርስ በዱላው ቀስ ብላችሁ አምጡት፣ ከዚያ ፈጠን አድርጋችሁ ምቱት። ጧ ብሎ ወደ ኋላ ከረገጠ ጥሩ ምልክት ነው፤ ትነትም ሙቀትም አለ ማለት ነው። ምንም ካላለ እስከ አሥር ምቱ። ከአሥር በላይ አትምቱ። ባትሪውን ንቀሉና አስቡ። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ደረቅ ነው? ነዳጅ አልደረሰውም፣ ጠብታውን ድገሙ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ይመስላል? ነዳጅ በዝቶበታል። ያን ጊዜ ካንዴላውን እንደፈታችሁ ሞተሩን ገልብጡት፣ አሥር ጊዜ አዙሩት፣ ነዳጁ እየተረጨ ይወጣል። ፊታችሁን አርቁ። ካንዴላውን አድርቃችሁ መልሱ። አንዳንዴ ፕሮፔለሩ ግድግዳ የነካ ያህል ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና ሲሊንደሩ በነዳጅ ተሞልቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ በጉልበት ወይም በሞተሪኖ መሄድ ክንዱን ያጣምማል።

አንድ ጠዋት በዚህ ላይ እያለሁ ግቢያችን ያሉ አንዲት እናት ጀበናቸውን ይዘው ቆመው አዩኝና "ልጄ፣ እሱም እንደኛ ሳይሞቀው አይነሳም ማለት ነው?" አሉኝ። "አዎ እማማ" አልኳቸው። ፔርሙሱን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሞተር የማስነሳው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፣ የሚያንቀላፋ ሕፃን እንዳለም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ድምፁ ትንሽ አይደለም፤ ግቢ የምንጋራ ሰዎች ነን።

ተነሳ እንበል። አሁን ችኩል አትሁኑ። ብዙ ሰው ሲነሳ ደስ ብሎት ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ይከፍተዋል፣ ሞተሩም ሳል እንደያዘው ሰው ሁለቴ አስሎ ይጠፋል። ዝቅ ባለ ዙር አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ባትሪውንም ወዲያው አትንቀሉ፤ በሙቀት ቀን አሥር ሰከንድ ይበቃል፣ በብርድ እስከ አንድ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ስትነቅሉት ዙሩ በጣም ከወረደ መልሳችሁ ሰኩት፣ ገና አልሞቀም ወይም ነዳጅ በዝቶበታል።

መርፌው ጋ እንመለስ። የምጀምረው በመመሪያው ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ አልከፍትም። የብርዱ ጭማሪ እዚያው ውስጥ አለ፤ ከፍታው የማይፈልገውን ነዳጅ ብርዱ ይበላዋል ብላችሁ አስቡት። ጭንቅላቱ ሲሞቅ ብቻ፣ ካርቡራተሩን ሙሉ ከፍታችሁ፣ መርፌውን በአንድ አንድ "ጠቅ" ዝጉ። በእያንዳንዱ ጠቅ መሃል አምስት ሰከንድ ጠብቁና አድምጡ። ድምፁ ከሚንተባተብ ወደ ጥርት ያለ ይሄዳል። ጥርት ብሎ ከፍ ካለበት ቦታ ሁለት ሦስት ጠቅ መልሳችሁ ክፈቱ። ትክክል መሆኑን ለማወቅ የነዳጁን ጎማ ለአፍታ ቆንጠጥ አድርጉ፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ ሆናችሁ። ዙሩ ትንሽ ከፍ ካለ ጥሩ ነው። ወዲያው ከወረደ ነዳጅ ጠምቶታል፣ ክፈቱለት። የጠማው ሞተር ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ለጆሮ ደስ ይላል፣ ግን ራሱን እያቃጠለ ነው። ዘይቱም የሚደርሰው ከነዳጁ ጋር እኮ ነው።

የቀን ሙቀት ሲቀየር መርፌውም ይቀየራል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች የነበረው አየር ከሰዓት 22 እና 23 ይደርሳል። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀትር ላይ አስተካክላችሁ የተዋችሁትን መርፌ ሳትነኩ በማግስቱ ጠዋት ካስነሳችሁ ሞተሩ ይጠማዋል። ማታ ስጨርስ ሩብ ዙር ከፍቼ ነው የምተወው። ይሄ ልማድ ብዙ ሞተር ያድናል።

ፕሮፔለር ላይ አንድ ምክር። ለ46 ሞተር 10 በ6 እና 11 በ6 (የመጀመሪያው ቁጥር ርዝመቱ በኢንች ነው) ሁለቱም ይሄዳሉ፣ እኔ ለብርድ ጠዋት 11ዱን እመርጣለሁ። ክብደቱ ዙሩን ይዞ ያሳልፈዋል፣ ሲነሳ አይደነቅፍም። የላስቲክ ፕሮፔለር ብርድ ላይ ስለሚደርቅ ከመምታታችሁ በፊት ሥሩን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካያችሁ ጣሉት።

ይህ ሁሉ ሞተሩን ጣውላ ላይ አስሮ ለማስነሳት ነው። መሃል ከተማ፣ ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ ማብረር የለም። ቤት አለ፣ ሽቦ አለ፣ ሰው አለ። ማብረር የሚፈልግ ሰው የሚመለከተውን አካል ጠይቆ፣ ፈቃድ ይዞ፣ ከከተማ ወጥቶ ነው። ጣውላው ላይ በደንብ የተለማመደ ሞተር ሜዳ ላይ አያሳፍርም።

ስትጨርሱ ነዳጁን ከታንኩ አውጡ። ይህን ነዳጅ ከውጭ በሻንጣ ይዞ መምጣት አይፈቀድም፣ አውሮፕላን ላይ አይጫንምና፣ ያላችሁን ጠብታ ቆጥቡ፤ ወደ ጠርሙሱ መልሱና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። ሜታኖል ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ ክረምት ላይ ክፍት ያደረ ነዳጅ ታኅሣሥ ላይ አያስነሳም። ከዚያ ጎማውን ነቅላችሁ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን አስጨርሱት፣ ባትሪ ሰክታችሁ ራሱ እስኪጠፋ። ሲበርድ ሦስት አራት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት በካርቡራተሩና በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ፣ አሥር ጊዜ አዙሩ፣ ካንዴላውን መልሱ። የቀረ ሜታኖል እርጥበት ስቦ ኩሽኔታውን ያዝጋል።

መጨረሻ ላይ ፕሮፔለሩን ጥብቀቱን እስኪያልፍ አዙሩና ፒስተኑ ታች ወርዶ ይደር። ላይ ጫፍ ላይ ካደረ በብርዱ ተጨምዶ ይይዛልና በማግስቱ ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ማላቀቅ ይሆናል ሥራችሁ። አሮጌ ካልሲ አልብሱት፣ ቤት አስገቡት።